ለደረቀ ሣር አንድ ካፊያ ምኑ ነው?
ስለ ሣርና ደን ቃጠሎ የቀረበው ይህ ጽሑፍ «ሰሞኑን የጣለው ካፊያ የቃጠሎውን ስጋት አስወግዶታል» የሚለውን ፈጽሞ አልቀበለውም። ግንድ ቢሆን እሺ፣ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ የደረቀ ሣር ግን ቀጭን ስለሆነ ፀሐይና ነፋስ ካገኘው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ድርቀቱ ይመለሳል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ድርቆሽ የምንከምር ሰዎች ይህን በእጃችን እናውቀዋለን፤ ማለዳ ሲጨብጡት የሚለዝበው ሣር ስምንት ሰዓት ላይ መዳፍ ውስጥ ይደቅቃል። የካቲትና መጋቢት የሚያስፈሩትም ለዚህ ነው፦ በጋው ሣሩን አድርቆ ጨርሷል፣ የበልጉ ዝናብ ገና አልጠናም፣ ነፋሱም ከቀትር በኋላ ይበረታል። ከላይ በአስተያየታቸው «ጣጣው የባሕር ዛፉ ነው፣ ሜዳው ምን አገባው» ላሉት ወንድሜ ደግሞ፦ ባሕር ዛፍ ቅባት ያለው ቅጠሉንና የተላጠ ቅርፊቱን ሥሩ ላይ ማራገፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን መንገድ ዳር የተጣለውን የሲጋራ ቁራጭ እሳት ተቀብሎ ዛፉ ሥር የሚያደርሰው ይኸው የናቁት ሣር ነው። እሳቱ ዳገት ካገኘማ፣ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር እያሞቀ ስለሚሄድ፣ የእንጦጦን ተረተር ሲወጣ ሰው ሮጦ አይቀድመውም። እኛ ክምሩን ዙሪያውን በበሬ አርሰን አፈሩን እናጋልጣለን፤ እሳት ባዶ አፈር አይሻገርም ባይባልም በእጅጉ ይደክማል። የሚገርመኝ በአካባቢያችን አዲስ ቤት የሚሠሩት ናቸው፤ ግቢ ለማጽዳት ብለው ሣሩን በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ነፋስ እያፏጨ፣ ለኩሰው ምሳ ሊበሉ ይሄዳሉ። ጽሑፉ ስለ እነሱ አንድ መስመር እንኳን ቢጽፍ ምን ነበረበት?