የጉም መብራት በጠራራ ፀሐይ

ባለፈው ክረምት እዚህ እንግሊዝ አገር አንዲት ያገለገለች ቪትዝ ከጃፓን አስመጣሁ። ሰው ሲስቅብኝ «ናፍቆት ነው» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ሃይብሪድ ስለሆነች ቤንዚን ትቆጥባለች ብዬ ነው።

መኪና ስታስገባ በ14 ቀን ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለብህ። እሱን ጨረስኩ። ታርጋ ልጠይቅ ስል ግን 10 ዓመት ስላልሞላት መጀመሪያ የብቃት ፈተና ትቀመጥ ተባለ። ቪትዝ ትፈተን? እሺ፣ ትፈተን።

መርማሪው ዞር ዞር ብሎ አያት። ከኋላዋ ቆመ፣ ጎንበስ አለ። «የኋላ የጉም መብራት የላትም።» የፍጥነት መለኪያዋም ኪሎ ሜትር እንጂ ማይል አያሳይም። ወደቀች!

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አንዲት ደመና የለችም። ሻይ ልጋብዝህ ልለው ዳዳኝና አፌን ያዝኩ። የጎደላትን በወረቀት ሰጠኝና ወደ ባለተራው ሄደ። መብራቱ ቀይ ይሁን፣ ከመሃል ወይም በቀኝ በኩል ይሁን። በግራ ብቻ ከሆነ አይሆንም። ሲበራም ለሹፌሩ ምልክት ያሳይ።

ወላሂ ተናደድኩ። የደሴ ልጅ ነኝ እኮ! የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል እያየሁ ነው ያደግሁት። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በክረምት የወረደ ያውቀዋል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው፤ በጉም ቀን ግን አገር ያቋረጥክ ይመስልሃል። ከፊትህ ቅጥቅጥ መኖሩን የምታውቀው በፍሬኑ ሽታ ነው።

አጎቴ እዚያ መንገድ ላይ አይሱዙ ይነዳል። ልጅ ሆኜ የቦሎ ሰሞን ሥራዬ ጎማ ማንከባለል ነበር። ደህና ጎማ ከጎረቤት እንዋሳለን፣ እሳት ማጥፊያ ከሌላው። ምርመራው ሲያልፍ ማታውኑ ለባለቤቱ ይመለሳል። የሰፈራችን እሳት ማጥፊያ ስንቱን መኪና እንዳሳለፈች! ከእጅ እጅ ስትዞር ቀይ ቀለሟ ተልጦ ቆርቆሮዋ ይታይ ነበር። እሳት ግን አጥፍታ አታውቅም።

የኔዋን መካኒክ ጋ ወስጄ መብራቱን አስገጠምኩ፣ መለኪያውን አስቀየርኩ። በድጋሚ ፈተና አለፈች። የከፈልኩትን አልጽፍም፣ እናቴ ታነበዋለች።

ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። «ጋሼ፣ የጉም መብራት አስገጠምኩ።»

«ምን ሊያደርግልህ? እኛ ረዳት አለን።»

እውነቱን ነው። ጉሙ ሲጠና ረዳቱ ወርዶ ሞባይሉን እያበራ ከፊት ይሄዳል፣ ሹፌሩ ጀርባውን እያየ ይከተላል።

«ከኋላህ የሚመጣውስ በምን ያይሃል?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

«አብሽር» አለኝ፣ «እሱም ረዳት ይኖረዋል።»