ማስተካከያ፦ ግድግዳው አይነካም ያልኩት

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት ውስጥ የድንጋይ መውጣት ጂሞች (ሰው ሠራሽ ግድግዳ የሚወጣባቸው ቦታዎች) ስጽፍ፣ «የሠራተኞቹ ሥራ ገመድ መያዝና ጫማ ማከራየት ነው፤ ግድግዳው አንዴ ከተሠራ አይነካም» ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው።

በአብዛኛው ገመዱን ከታች የሚይዘው ግድግዳውን የሚወጣው ሰው ጓደኛ ነው። ሠራተኛው ያ ጓደኛ አያያዙን ማወቁን ፈትኖ ያሳልፋል።

የባሰው ስህተቴ ግን የግድግዳው ነው። ሩት ሴተር የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ፤ መንገድ ቀያሾች እንበላቸው። ግድግዳው ላይ በእጅ የሚያዙትንና በእግር የሚረገጡትን መያዣዎች በየጊዜው ይፈታሉ። ሰው እጁ እንዳያንሸራትተው የሚቀባውና እነሱ ላይ የተጋገረውን ዱቄት ያጥባሉ። ከዚያ በሌላ አቀማመጥ በቡሎን መልሰው ያስራሉ፤ አዲስ የመውጫ መንገድ ይሆናል። በመጨረሻ ራሳቸው ወጥተው ይሞክሩታል። መንገዱ ለረጅም ሰው ብቻ የሚመች ሆኖ ከተገኘ፣ ያው እንደገና መፍታት ነው። መሰላል ላይ ድሪል ይዞ መዋል ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ትከሻ ይጨርሳል።

«አይነካም» ያልኩት የሚሠራው ለፍጥነት ውድድር ግድግዳ ነው። ቁመቱ 15 ሜትር ሲሆን የመያዣዎቹ አቀማመጥ በመላው ዓለም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ሳም ዋትሰን በ4.74 ሰከንድ የወጣው ይህንኑ ነው። እኔም እሱን በቴሌቪዥን አይቼ፣ ሳላጣራ፣ ሁሉም እንደዚያ መሰለኝ።