ሂተሩን ቤት ተዉት

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ማስታወቂያ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። አለቀ። ኤሌክትሪክ የሚሰካ ነገር ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር የሚል አንድም መስመር የለውም። ያንን ክፍተት ቤተሰብ ይሞላዋል። ቤተሰብ ደግሞ ሲሞላ አትርፎ ነው።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ሰመራ ደርሷታል። እህቴ ጥሪውን እንደሰማች መርካቶ ወርዳ የውሃ ማፍያ ሂተር፣ ካውያና አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝታ ተመለሰች። «ልጄ ሻይ እንኳን ሳትጠጣ ታጥና?» ትላለች። ሰመራ እኮ ነው! በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ከተማ። እዚያ የቧንቧው ውሃ ራሱ ሻይ ለመሆን ቅጠል ብቻ ነው የሚቀረው።

ነገሩን ከራሴ ስለማውቀው ነው የምናገረው። እኔ ግቢ ስገባ በዶርማችን ስድስት ነበርን። ስድስት እናቶች ሳይነጋገሩ ስድስት ሻንጣ አሽገዋል። ሲራገፍ አራት ሂተር፣ ሦስት ካውያ፣ ሁለት ምድጃ ወጣ። ዲቫይደር? አንድም የለም። ግድግዳው ላይ ያለው ሁለት ሶኬት ነው፤ አንዱ ደግሞ ላልቶ በወረቀት ካልደገፉት አይሠራም። የመጀመሪያውን ሳምንት ስልካችንን በወረፋ ቻርጅ ስናደርግ አራቱ ሂተሮች አልጋ ሥር ተደርድረው ያዩናል።

ከዚያ የሚድ ፈተና ዋዜማ መጣ። አንዱ ልጅ ሽሮ ጣደ። ሌላው ሸሚዙን ሊተኩስ ካውያ ሰካ። ብሬከሩ ወደቀ። የእኛ ክፍል ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ሕንፃው በሙሉ ጨለመ። ከየዶርሙ የወረደብንን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ ሲያንኳኳ ባለሽሮው የጋለውን ምድጃ ሎከር ውስጥ ከተተው፣ ልብስ መሃል። ፕሮክተሩ ምንም ሳያገኝ ሄደ። የተቃጠለው የእኔ ሹራብ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ሂተር ብዙውን ጊዜ ከ1500 እስከ 2000 ዋት ይፈልጋል፤ ባለ 2000ው 9 አምፔር ያህል ይስባል። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ብዙዎቹ 65 ዋት ገደማ ናቸው፣ የስልክ ደግሞ 15 ወይም 20። ስድስት ልጆች ስድስት ላፕቶፕና ስድስት ስልክ ባንዴ ቢሰኩ 500 ዋት አካባቢ ነው። የአንድ ሂተር ሩብ ማለት ነው። አንድ ሻይ ለማፍላት የሚሄደው ኃይል ዶርሙን ሁሉ ያስጠናል።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ በፊት የሚገዛው ዲቫይደር ነው። ርካሹን ግን አትግዙ። ገመዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 0.75 የሚለው ቀጭን ገመድ የሚችለው 6 አምፔር ገደማ ነው፤ ያ ለስልክና ለላፕቶፕ ይበቃል፣ አንዱ ካውያና ሂተር የሰካበት ቀን ግን መጋል ይጀምራል። 1.5 የሚለውን ፈልጉ። ባለሱቁ «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም።

ቀጥሎ ፓወር ባንክ። ለምን እንደሆነ የአገራችንን መብራት ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም። ባለ 20,000 ሚሊአምፔሩ፣ 5,000 የሚይዝ ስልክን በወረቀት አራት ጊዜ ይሞላል፤ በተግባር ሁለት ጊዜ ተኩል ካደረገ ጥሩ ነው። ጅግጅጋ ወይም ጋምቤላ በአውሮፕላን የምትሄዱ ደግሞ በእጃችሁ ያዙት። በአውሮፕላኑ ሆድ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፓወር ባንክ አይፈቀድም።

ካውያ ለአንድ ዶርም አንድ ይበቃል። ማን ይዞ ይምጣ የሚለው ነው ጭንቁ፤ ከማን ጋር እንደምትኖር የምታውቀው ብዙ ጊዜ ግቢ ከገባህ በኋላ ነውና። መልሱ ቀላል ነው። ማንም ይዞ አይሂድ። ገብታችሁ ተዋወቁ፣ ከዚያ አዋጥታችሁ እዚያው ከተማ ግዙ። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ካውያ የሚሸጥ አያጣም።

የደረሳችሁበትን ቦታም እዩ እንጂ። ለሰመራና ለጋምቤላ ትንሽ ቬንትሌተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ 50 ዋት አካባቢ ቢወስድ ነው። ደብረ ብርሃን ለደረሰው ግን ወፍራም ብርድ ልብስ ይሻለዋል። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ ምስር ቶሎ አይበስልም። ምድጃ ደብቆ ምስር የሚቀቅል ልጅ ፕሮክተሩን ብዙ መጠበቅ አለበት።

ሌላው ጣጣ ከአሜሪካ የሚመጣው ዕቃ ነው። አክስት ለኮሌጅ ስጦታ ብላ የላከችው ሂተር ወይም የፀጉር ማድረቂያ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። እኛ ጋ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። ወይ ብሬከሩን ይጥላል፣ ወይ ራሱ ተቃጥሎ ያርፋል። የሶኬቱን ጥርስ የሚቀይረው ትንሽ ፕላስቲክ ቮልቱን አይቀይርም። ከጀርባው «100–240» የሚል የተጻፈበት ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲያ ናቸው።

እስካሁን ተማሪውንና እናቱን ተናገርኩ። ግቢዎቹስ? ምድጃ ክልክል ነው ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ሹራቤ ምስክር ነው። ግን ልጆቹ ለምን ያበስላሉ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በቅርቡ ወደ 100 ብር ከፍ እስኪል ድረስ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይመደብ የነበረው 22 ብር ነው። 22 ብር! ነን ካፌ የሆነው፣ ማለትም በግቢው ካፌ የማይመገበው፣ ደግሞ ገንዘቡን በእጁ ተቀብሎ ራሱን ይመግባል። የት ያብስል? ከግቢ ውጪ ላለው ምግብ ቤት ብሩ አይበቃውም፣ ዶርም ውስጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ደብቆ ያበስላል፣ ፕሮክተሩ ሲመጣ የጋለ ምድጃ ሎከር ውስጥ ይከታል። የክልከላው ውጤት ይሄ ከሆነ ከምድጃው ይልቅ ድብብቆሹ ነው አደገኛው።

በየሕንፃው ምድር ቤት አንድ ክፍል ቢሰጥ ምናለ? ሲሚንቶ ወለል፣ ደህና መስመርና የራሱ ብሬከር ያለው። ሁለት ምድጃ፣ አንድ የሙቅ ውሃ በርሜል፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ። በዓመቱ ከየዶርሙ የሚለቀሙትን ምድጃዎች መጋዘን ውስጥ ከማከማቸት እዚያ ቢሰኩ እንኳን አንድ ነገር ነው።

ትናንት የልጅቷን ሻንጣ አሸግን። ዲቫይደር ገባ፣ ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳዋ ሆነ፣ ካውያው ቀረ። ምድጃዋን እህቴ ራሷ «እሺ በቃ» ብላ መለሰቻት። ምግብ ሲባል ደግሞ በሶ ተደርጎላታል፤ በቀዝቃዛ ውሃና በስኳር የሚበጠበጥ፣ ሶኬት የማይፈልግ። ሂተሩን ግን ፈልጌ አጣሁት። «የት ሄደ?» አልኳት እህቴን።

«እኔ ምን አውቄ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሻንጣው ላይ ሳታነሳ።

በሶው ሁለት ኪሎ ነው ተብሎ ነበር። አንስቼ አየሁት፤ ሦስት ኪሎ ሳያልፍ አይቀርም።