ማስተካከያ፦ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተመሠረተበት ዓመት

ስለ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ ቀደም ብዬ በጻፍኩት ጽሑፍ ጣቢያው «በ1964 ዓ.ም.» ሥርጭት ጀመረ ብያለሁ፤ ስህተት ነው። 1964 የጎርጎርዮስ ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር ጣቢያው የተመረቀው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀኑም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነበር። ትክክለኛውን ቀን ያገኘሁት ጣቢያው ስለራሱ ታሪክ ካወጣቸው ጽሑፎች ነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮ የነበረው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ይህኛው በትክክል ተጽፏል።

የሰባት ዓመቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። በእኔ ስሌት፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ጣቢያው ገና ጀማሪ ነበር። እውነታው ግን አሥር ዓመት ሊሞላው የቀረው ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ነበር። በዋዜማው ምሽት የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ ያሳየው ፊልም የተላለፈውም በዚሁ ጣቢያ ነው። ስለዚህ «ልምድ ያልነበረው ጣቢያ» በማለት የሰጠሁትን አስተያየት አንስቻለሁ። ሙያተኞቹ የአሥር ዓመት ሥራ ነበራቸውና አባባሌ ድካማቸውን ያሳነሰ ነበር።

«መደበኛ የቀለም ሥርጭት በ1984 ተጀመረ» ያልኩትም እንዲሁ የጎርጎርዮስ ዓመት ነው፤ ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ጋር የተያያዘ የደርግ ዘመን ክንውን እንጂ ደርግ ከወደቀበት ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የመጣ አይደለም። ጽሑፉን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህን ማስተካከያም አጋሩልኝ።