የልብስ ጠረን ስለተለወጠ አጣቢዋ ለምን ትወቀሳለች?

በዚህ ከተማ ጓዙን ጠቅልሎ ከውጭ አገር የሚመለስ ሰው ብዙ ሳይቆይ የሚያነሳው አንድ ቅሬታ አለ፤ ልብሴ ሲታጠብ እንደዚያ አገር አይሸትም ይላል። ነገሩ እውነት ነው፤ አይሸትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ጣት የሚቀሰርበት አቅጣጫ ነው። ውሃው አይጠየቅም፣ ሳሙናው አይጠየቅም፣ ማስጫ ቦታ ሳይታሰብለት የተሠራው ሕንፃ አይጠየቅም፤ ሳፋ አቅፋ ደረጃ የምትወጣ የምትወርደው አጣቢ ግን ትጠየቃለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው።

የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚያወርደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከነዋሪው ብዙው ከውጭ በተመለሰበት አፓርታማ ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት በኮሪደራችን የሰማሁት ንግግር አሁንም ያበግነኛል። ከስቶክሆልም የተመለሰች ጎረቤቴ አንድ የትራስ ልብስ ይዛ ወጣችና አጣቢዋን «እስቲ አሽትቺው፤ ይኼ ታጠበ ይባላል?» አለቻት። በዕድሜ እናቷ የምትሆነው ሴት የትራስ ልብሱን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና «እትዬ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ነው ያለቀለቅሁት» ብላ መለሰች። የጣቶቿ መገጣጠሚያ በበረኪና ተሰነጣጥቋል፤ የጥፍሮቿ ጠርዝ ነጥቷል። የወሩ ክፍያዋ ሲሰጣት ለባከነ ሳሙና ተብሎ ተቀነሰባት። ይህ ውሃ የማያነሳ ክስ ነው፤ ለምን እንደምል ልናገር።

መጀመሪያ ናፈቀን የምንለው ጠረን ምን እንደሆነ እንወቅ። ከውጭ የመጣ ሻንጣ ሲከፈት ሳሎኑን የሚሞላውን ሽታ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ቲሸርቱን አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው «ውጭ ውጭ ይላል» ይላሉ። በልጅነታችን ያ ሽታ ከስጦታና ከናፍቆት ጋር አብሮ ስለመጣ የንጽሕና ሽታ አድርገን ይዘነዋል። አብዛኛው ግን የፋብሪካ ሽቶ ነው። በዛሬዎቹ የልብስ ማለስለሻዎች በብዙዎቹ ውስጥ ሽቶው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች ተጠቅልሎ ይገባል፤ ከረጢቶቹ በጨርቁ ክሮች ላይ ተጣብቀው ይቀሩና ልብሱ በተለበሰና በታሸ ቁጥር እየፈነዱ ሽቶውን ይለቃሉ። ልብሱ ከታጠበ ከሳምንታት በኋላ፣ በአውሮፕላን ተጉዞ እንኳ፣ ዛሬ የታጠበ የሚመስለው ለዚህ ነው። የከረጢቶቹ ቅርፊት በአብዛኛው ፕላስቲክ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የማይክሮፕላስቲክ ደንብ አምራቾች በጊዜ ሂደት በሚበሰብስ ነገር እንዲተኩት ወይም እንዲተዉት አድርጓል። ማለስለሻው ራሱም ጨርቁን የሚያለሰልሰው በላዩ ላይ ስስ ቅባት መሳይ ሽፋን በመተው ነው፤ ፎጣ በማለስለሻ ብዛት ውሃ መምጠጥ እምቢ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። እንግዲህ ጎረቤቴ የጠየቀችው ንጽሕናን ከሆነ አጣቢዋ ሰጥታታለች፤ ሽቶ ከሆነ ደግሞ ሽቶ በእጅ ታሽቶ አይወጣም።

እኔ ራሴ ለተወሰኑ ዓመታት ጀርመን አገር ኖሬያለሁ። ከእናቴ ቤት ይዤው የሄድኩት ጋቢ እዚያ ታጥቦ ሲወጣ የሌላ ሰው ጋቢ መሰለኝ። የዕጣኑም የቡናውም ጠረን ጠፍቶ፣ የማላውቀው አበባ አበባ የሚል ነገር ተተክቶበት ነበር። ያን ጊዜ ማንንም አልወቀስኩም፤ የምወቅሰው ሰውም አልነበረም፤ ያጠበው ማሽን ነው፣ አገሩ ሌላ ነው ብዬ አለፍኩ። በእኛ ሕንፃ ያሉትም በሄዱበት አገር እንዲሁ ብለው እንዳለፉ አውቃለሁ፤ አጫውተውኛል። ልብሱ ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ ጠረኑ ቢለወጥ የአገር ልዩነት ይባላል፤ ከዚያ ወደዚህ ሲመጣ ቢለወጥ ግን የአንዲት ደሃ ሴት ስንፍና ይሆናል። ይህን ፍርድ ማን ነው የሰጠን?

ሳሙናውንም እንመልከት። በአንድ ስምና በአንድ ዓይነት ማሸጊያ የሚሸጥ ዱቄት ሳሙና በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አምራቾቹ እንደየአገሩ ውሃ፣ እንደ አስተጣጠቡ ልማድና እንደ ገዢው አቅም ይቀይሩታል። ለእጅ እጥበት የሚዘጋጀው ብዙ አረፋ እንዲሰጥ ይደረጋል፤ ምክንያቱም የሚያጥበው ሰው አረፋ ሲያይ ሳሙናው እንደሠራ ያምናል። ለአውሮፓ ማሽን የሚዘጋጀው በተቃራኒው አረፋው እንዲያንስ ይደረግና የላብን፣ የምግብንና የቅባትን እድፍ እየቆራረጡ የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ይጨመሩበታል፤ ማሽኑም ውሃውን ራሱ እስከ 40 ወይም 60 ዲግሪ ያሞቅላቸዋል። በእኛ ሕንፃ የምታጥበዋ ሴት ግን የምትሠራው በቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በሳፋና በክንዷ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የሰውነት ቅባት በቀላሉ አይለቅም፤ የቀረውም ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሲያረጅ ያን የከረመ የቅባት ሽታ ያመጣል። የስፖርት ልብስ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ላብ የነካው ፖሊስተር ከጥጥ ይልቅ ክፉ ሽታ እንደሚይዝ፣ ሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችም በፖሊስተር ላይ ይበልጥ እንደሚመቻቸው አሳይተዋል። ከውጭ የሚመጣው የጂም ልብስ ሁሉ ፖሊስተር ነው ለማለት ይቻላል፤ ለእሱም የምትወቀሰው እሷው ናት።

ስለ ውሃው ብዙ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ጀርመን አገር የዱቄት ሳሙና ካርቶን ጀርባ ላይ በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ጥቂት፣ መካከለኛ ወይም ብዙ ሲሆን ስንት መለኪያ እንደሚጨመር ተጽፎ ይገኛል፤ ውሃና ሳሙና አብረው የሚታሰቡ ነገሮች ናቸው። የአዲስ አበባ ውሃ ከአንድ ምንጭ አይመጣም። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣ አለ፤ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳብም አለ። በዓለት ውስጥ ሰርጎ የቆየ የከርሰ ምድር ውሃ አብዛኛውን ጊዜ በግድብ ከተጠራቀመ ውሃ የበለጠ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይሸከማል። እነዚህ ማዕድናት ከድፍን ሳሙና ጋር ሲገናኙ አረፋው ይከስምና ነጣ ያለ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ዝቃጩም በክሮቹ መካከል ተቀምጦ ላቡንና ቅባቱን ይዞ ያስቀራል። የቱንም ያህል ቢታሽ ይህን እጅ አያሸንፈውም። የሚቀንሰው በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ነው፤ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በፈረቃው ቀን በርሜሉንና ጀሪካኑን ሞልታ፣ ከዚያ ላይ ለወጥ ቤቱ፣ ለመታጠቢያ ቤቱና ለወለሉ ተቀንሶ በሚተርፈው ውሃ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት ልብስ እንድታለቀልቅ የሚጠበቅባት ሴት፣ ከዚያ በኋላ የሳሙና ሽታ ቀረበት ተብላ ስትሰደብ ዝም ብዬ መስማት አልችልም። ወደ ሰማይ ብትጮህም ውሃ አይጨምርላትም።

የክረምቱ ሽታ የራሱ ምክንያት አለው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጠዋት የተሰጣ አንሶላ ማታም እርጥብ ነው፤ በማግሥቱም ከገመድ ላይ ሲወርድ ቀዝቃዛ ነው፣ ታጥፎ ቁም ሣጥን ከገባ በኋላ ታፍኖ ይሸታል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ይህን የእርጥብ ጨርቅ ሽታ የሚያመጣው ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑን ለይተዋል። በጨርቁ ላይ የቀረውን ላብና ቅባት እየተመገበ 4-ሜቲል-3-ሄክሴኖይክ አሲድ የሚባል ነገር ያመነጫል፤ አፍንጫችንን የሚነካው እሱ ነው። ይህ ባክቴሪያ በጤነኛ ቤተሰብ ልብስ ላይ ይገኛል፣ በቀዝቃዛ ውሃ እጥበት አይጠፋም፣ ደርቆም ይቆያል፤ እርጥበቱ በረዘመ ቁጥር ይራባል። ስቶክሆልም ያለው ልብስ በማድረቂያ ማሽን ወይም በሞቀ ክፍል ውስጥ በአጭር ጊዜ ስለሚደርቅ ለባክቴሪያው ፋታ አይሰጠውም። እዚህ ሁለት ቀን ይሰጠዋል። ሁለቱን ቀን የሰጠው ሰማዩና ሕንፃው እንጂ አጣቢዋ አይደለችም።

ጥቅምት ሲጠባና ፀሐይዋ ስትመለስ ደግሞ የሚሆነውን ማንም አያመሰግንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፣ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነጭ አንሶላ ከቀትር በፊት ይደርቃል። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት በፀሐይ ላይ የደረቁ የጥጥ ፎጣዎች ቤት ውስጥ ከደረቁት የተለዩ ሽታ ሰጪ ነገሮች፣ እነ ፔንታናል፣ ሄክሳናልና ኖናናል፣ እንደሚገኙባቸው አሳይተዋል። የፀሐይ ሽታ የምንለው ነገር እንግዲህ በእርግጥ ያለ ነገር ነው። አምራቾች በጠርሙስ ሊያስገቡት የሚደክሙለትን ይህን ጠረን እኛ በነጻ እናገኘዋለን፤ በላዩ ላይ ውድ ማለስለሻ ካላፈሰስን ደግሞ ይሸተናል። በእርግጥ የከተማው አየር ድርሻ አለው። የግንባታው አቧራና የናፍጣው ጭስ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል፤ ቁሌቱም የቡናው ጭስም ጥጥ ውስጥ ይገባል። የቤቱ ሰው ከቤቱ ጠረን ጋር ስለሚላመድ ይህን አያሸተውም፤ ከዓመታት በኋላ የተመለሰ ሰው አፍንጫ ግን ገና አልተላመደምና ሁሉንም ለቅሞ ይሰማዋል። ጥቂት ወራት ብትታገሡ ይጠፋላችኋል።

የልብስ አጣቢን እጅ እንደ ተራ ነገር የሚያይ ሰው አንድ ታሪክ እንዲያስታውስ እፈልጋለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ነጠላና ኩታ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን በእንዶድ ማጥፋት እንደሚቻል የሚያሳየው የረጅም ጊዜ ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያስገኘላቸውም እሱ ነው። ሳይንቲስቱ ሴቶቹ የሚሠሩትን ቆሞ ተመለከተ። እኛ የምንቆመው ለማሽተት ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚህ ከተማ ልብስ የምታሳጥቡ ሁሉ፣ በተለይ ከውጭ የተመለሳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጠረኑ ካስጨነቃችሁ የምታደርጉት አለ። የእጥበቱን ቀን ከውሃው ፈረቃ ጋር አስማሙት። ዱቄቱን ቀንሱ፣ የማለቅለቂያውን ውሃ ጨምሩ። ውሃ አሙቁላት፤ ቢያንስ ለፎጣና ለአንሶላ። የሌላ ሰው ላብ ያለበትን ልብስ በእጇ የምታሸው ሴት ናትና ጓንት ግዙላት። ያልደረቀ ልብስ አጥፋ ቁም ሣጥን እንድታስገባ አታስቸኩሏት። ማሽን ያላችሁም በሩን ከፍታችሁ አናፍሱት፤ ታፍኖ የሚውል ማሽን ራሱ ይሸታልና።

ከሁሉ በፊት ግን የጣሪያውን ነገር እንጨርስ። በእኛ ሕንፃ ላይ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኝ ሰፊ ጠፍጣፋ ጣሪያ አለ፤ የመልክ ጉዳይ ነው ተብሎ በረንዳ ላይ ማስጣት ሲከለከል ጣሪያውም ተቆልፎ ቀረ፤ አጣቢዎቹ ልብሱን በጨለማው የደረጃ ኮሪደር በተዘረጋ ገመድ ላይ እንዲሰቅሉ ተደረገ። የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን በአጀንዳ እንዲይዝልኝ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ ሌሎቻችሁም በየሕንፃችሁ ጠይቁ። ቁልፉ ከጥበቃው ዘንድ ይቀመጥ፣ ገመድ ይወጠር፣ ዝናብ የሚከልል ቆርቆሮ ከአንድ ጥግ ይሠራ፤ ይህ ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ይለቅ።