«በየማሳው ሞልቷል» የተባለው ፍልፈል

ሰሞኑን ስለ ባሌ ተራሮች በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ግዙፉ ፍልፈል የት የት እንዳለ የሚያጣራ አሰሳ ይካሄድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አንድ ኃላፊ «ፍልፈል እኮ በየማሳው ሞልቷል» ብለው ዘጉት። ተሰብሳቢው ሳቀ። እኔን ግን አናደደኝ።

በየማሳው ያለው ሌላ ነው! የገበሬውን ሰብል ከሥሩ የሚበላው ተራው ፍልፈል ነው። ግዙፉ ከባሌ ተራሮች ሌላ በዓለም ላይ አገር የለውም። ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል፤ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው እንስሳት ተርታ ተመዝግቧል። እንግዲህ ሁለቱን የማይለይ ሰው ነው በጀት የሚከለክለው።

«ካርታ አለን» የሚሉም አሉ። ካርታ ላይ የተቀባ ቀለም ፍልፈል አይሆንም። ይህ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ውስጥ ነው። ሲርበው አናቱ ላይ የተሰኩትን ዓይኖቹን ብቅ አድርጎ ይቃኛል። ከዚያ ኋላውን ከጉድጓዱ ሳያርቅ በዙሪያው ያለውን ሣር ይሰበስባል፤ የኋሊት ገብቶም ቀዳዳውን በአፈር ይደፍነዋል። ይህን ከመኪና መስኮት ማን ያየዋል? አሰሳ ማለት የባሌ ተራሮች አምባ በሆነው ሳኔቲ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ብርዱን ችሎ በእግር መኳተን ነው። የአፈር ቁልል መቁጠርም ብቻውን አይበቃም። አፈሩ ትኩስ ነው ወይስ ደርቆ ሣር በቅሎበታል? ቀዳዳው ትናንት ተደፈነ ወይስ ባለቤቱ ከጠፋ ቆይቷል? ፈልገው ያጡበት ቦታም መመዝገብ አለበት። ዋናው እንዲያውም እሱ ነው። ከብት ሲመላለስበት የከረመ ሸንተረር ላይ ቁልሉ ሁሉ አሮጌ ከሆነ፣ የካርታው ቀለም ውሸት ነው ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮን በመውደድ ግን የሚያህለን የለም። ቆጣሪ አለው፣ ፖስተር አለው፣ ወረርሽኝ ሲመጣ ክትባት ይፈለግለታል። እሺ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ጊዜ አይሰጥም። ግን ቀበሮው ምን በልቶ የሚኖር መሰላቸው? የባሌ ቀበሮ ቀለቡ በዋናነት ይኸው ፍልፈልና እዚያው ያሉት አይጦች ናቸው።

ሳይጣራ ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። የግልገል አባይ ምንጭ አካባቢ የተገኘው የውሃ አይጥ በ1928 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲተዋወቅ የነበረው አንድ ናሙና ብቻ ነው። ዛሬም ያው አንድ ነው።

«ገንዘብ የለም» ከተባለ፣ መጀመሪያ የዚያን ስብሰባ የአዳራሽና የአበል ሂሳብ ያሳዩን።