ልጅ ያቦካውን ትልቅ ሲደፋው

እናንተ የደሴ ሰዎች፣ ይህን የምነግራችሁን ነገር አብዛኞቻችሁ ሰምታችሁታል። በየቡናው ላይ ተወርቶ፣ ተስቆበት፣ በመጨረሻም «ሽማግሌ ገብቶበት አለቀ» ተብሎ ተዘግቷል። ለእኔ አልተዘጋም። የሰፈሩን ስም አልጠራም፣ የሰውየውንም አልጠራም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ሄጄ ከእሱው ጋር እጨርሰው ነበር እንጂ አደባባይ ባልወጣሁ።

ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚበላው አንድ ተዳፋት አለ። ለዓመታት ቆሻሻ መድፊያችን ነበር። በ2015 ክረምት የአንድ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎችና የሰፈሩ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ቆሻሻውን ጠርገው ችግኝ ተከሉበት። ባህር ዛፍ አልነበረም የተከሉት። ወይራ፣ የሐበሻ ጥድና ኮሶ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ብሳና ነው። ከታች በኩል ጤና አዳምና አሪቲ ያበቀሉባት ትንሽ መደብም ነበረች። ከእሷ ላይ ለቡናው ጤና አዳም ያልቀነጠበ የሰፈር ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

መትከሉ ቀላሉ ነው። ክረምት ላይ ሁሉም ይተክላል፣ ፎቶም ይነሣል። ከባዱ በጋው ነው፤ በልግ እስኪዘንብ፣ እሱም ከዘነበ ማለት ነው። ልጆቹ ተራ ገብተው ከትምህርት ሲወጡ በጀሪካን ውሃ ያመላልሱ ነበር። ባዶ ሃይላንድ ለቃቅመው፣ ክዳኑን በመርፌ በስተው፣ ከየችግኙ ሥር ዘቅዝቀው ቀበሩት፤ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን እንዲያርስ። ይህን ማንም በደሞዝ አላሠራቸውም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ጥዱን ደረት አደረሱት። ወይራው በተፈጥሮው ዝግተኛ ስለሆነ ገና ወገብ ላይ ነበር። ግንዳቸው ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም።

እንግዲህ በበዓል ዋዜማ አንድ ነጋዴ ፍየሎቹን ይዞ መጣ። የየትኛው በዓል እንደሆነ አልናገርም፤ በወሎ አንዱ ሲያርድ ሌላው «እንኳን አደረሳችሁ» ሊል ይመጣልና ጥፋቱን ለአንድ ወገን ሰጥቶ መገላገል አይቻልም። ሰውየው የእሾህ አጥሩን ገፍቶ ገባና በየዛፉ አንድ አንድ ፍየል አሰረ። የመብራት ምሰሶ አጠገቡ ቆሟል፣ የድንጋይ አጥርም አለ። ዛፉ ግን ለገመዱ ተመቸው። ፍየሎቹ መጀመሪያ አፋቸው የደረሰበትን ቅጠል ጨረሱ። እሱ ሲያልቅ ቅርፊቱን መላጥ ያዙ።

እናንተም ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበራችሁ። የፍየሉን ወገብ እየዳበሳችሁ፣ አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን እያያችሁ ዋጋ ተከራከራችሁ። በጥርሱ መካከል ያለውን ቅርፊት ያየ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ በተራዋ ጀሪካኗን ተሸክማ መጣች። አንዱን ፍየል ፈትታ ከመብራት ምሰሶው ጋር አሰረችው። ለሁለተኛው ስትጎነበስ ሰውየው ደርሶ በጥፊ መታት። «ዛፍ ከሰው ይበልጣል እንዴ? ማን ዘበኛ አደረገሽ?» አላት። ያን ያህል ሰው ቆሞ። አንዱ ሳቀ። አንዷ እናት፣ እሷም የልጅ እናት ናት፣ «ሂጂ ልጄ፣ ትልቅ ሰው አይደፈርም» አለቻት። ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። ጀሪካኑ እዚያው ቀረ፤ በማግስቱ ሲፈለግ እሱም የለም። ቢጫ ጀሪካን ነው። የወሰደውም ከመካከላችሁ አንዱ ነው።

እንዴት አስቻላችሁ? ሰውየውን ለመናገር ይሉኝታ ያዛችሁ። ለልጅቷ የሚሆን ይሉኝታ ግን የላችሁም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን ነው ያደግነው። እነዚህ ልጆች ያቦኩት ይበቃ ነበር፤ የደፋነው እኛ ነን።

እኔ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው፤ የሆነውን የነገሩኝ ጓደኞቿና ባለሱቁ ናቸው። አንድ ጎረቤት ትከሻዬን መታ አድርጎ «አብሽር፣ ላዩ ላይ ቅጠል አለ፤ ያገግማል» አለኝ። አያገግምም። ዛፍ ቅጠሉ ላይ የሚያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው በቅርፊቱ በኩል ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው፤ ሥሩ ይራባል። ውሃ ግን በእንጨቱ ውስጥ ለጊዜው ወደ ላይ ስለሚወጣ ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። ጥድ ደግሞ እንደ ባህር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ከሞተ ሞተ ነው። ዙሪያቸውን የተላጡት ጥዶች በሙሉ ደረቁ። ከወይራዎቹ አንዳንዶቹ ከቁስሉ በታች ማቆጥቆጥ ጀምረዋል።

ሽምግልናውስ? ወሎ በዕርቅ ይታወቃል፤ እኔም ስኮራበት የኖርኩ ሰው ነኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ሰውየው የልጅቷን አባት ይቅርታ ጠየቀ፣ አባትየውም «ለእናንተ ስል ትቻለሁ» አለ፣ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። ልጅቷ አልተጠራችም። ስለ ዛፎቹ አንድ ቃል አልተነሣም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የማከብራቸው አባት ናቸው፣ ነቢዩ «ቂያማ ቢቆም እንኳ ከእናንተ አንዳችሁ በእጁ ችግኝ ካለ፣ መትከል ከቻለ ይትከለው» ማለታቸውን ስንት ጊዜ አስተምረውናል። ያን ዕለት አላስታወሱትም። ወይም አስታውሰውት ነገር ላለማብዛት ብለው ዝም አሉ፤ ይሄኛው ይብሳል።

ዛሬ በአገራችን ያረጀ ጥድና ወይራ ማየት የፈለገ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም ወደ መቃብር ነው የሚሄደው። እዚያ የሚፈራ ነገር ስላለ እጃችንን ሰበሰብን። ከዚያ ውጭ ያለውን «የመንግሥት ነው» ብለን እንጨርሰዋለን። በደርግ ጊዜ በወሎ ኮረብታዎች ላይ በምግብ ለሥራ ስንት ጉልበት ፈሶ ዛፍ ተተከለ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው በአጭር ጊዜ ተጨፈጨፈ። ገበሬው ምክንያት ነበረው ይባላል፤ መሬቱ ያለ ፈቃዱ ተከልሎበት ነበርና ደኑን የእኔ ነው አላለውም። እሺ፣ እሱስ ይሁን። ይህን ተዳፋት ግን ማን በግድ አስተከለን? ተካዮቹ የራሳችን ልጆች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን ተተከለ ሲባል አጨብጭበናል። ስንቱ እንደጸደቀ ግን በየሰፈራችን ዞር ብለን አላየንም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ የሆነው እኛ ዘንድ መሆኑ ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ሕዝብ የተራቆተ መሬት ምን እንደሚያመጣ ከማንም ሊማር አይገባውም። ደሴ በተራራና በገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ መሬት ሲንሸራተት ግድግዳው የተሰነጠቀበት፣ ቤቱን ለቆ የወጣ ሰው እናውቃለን። ያ ተዳፋት ከላዩም ከታቹም ቤት አለ። ልጆቹ የተከሉት ለውበት ብቻ መስሏችሁ ይሆናል። ሥር ነው የተከሉላችሁ።

ልጅቷ ክበቡን ትታለች። እናቷ ከለከለቻት ይላሉ፣ ራሷ ናት የተወችው የሚሉም አሉ። ከጓደኞቿ ግማሾቹ አብረዋት ወጡ። የቀሩት ጥቂቶች ዘንድሮም ችግኝ ጣቢያ ሄደው ጥድና ወይራ ለምነው አምጥተዋል። ለምን እንዳልተዉት ጠየቅኋቸው፤ አንደኛው ትከሻውን ነቀነቀና «ጉድጓዱ ተቆፍሮ የለ እንዴ?» አለኝ። ይህ ተስፋ ከሆነ ተስፋ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነው። ንግግር አታድርጉላቸው፣ ቲሸርት አታሳትሙላቸው። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ እንኳ ያቺን ልጅ ቤቷ ሄደው፣ አባቷን ሳይሆን እሷን፣ «አጥፍተናል» ይበሏት። ሰውየውም ቢመጣ ጥሩ ነበር፤ አይመጣም ብዬ እገምታለሁ። በበዓል ዋዜማ የፍየልና የበግ ማሰሪያ ከተዳፋቱ ራቅ ብሎ እንዲሆን የሰፈሩ ዕድር ይወስን፤ ለድንኳንና ለወንበር ስንት ሕግ ያወጣ ዕድር ይህ አያቅተውም። በበጋ ደግሞ ከየቤቱ በሳምንት አንድ ጀሪካን ውሃ ይውጣ።

ተከላው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው፣ እሑድ ጠዋት። ችግኝ አለ። የጎደለው የአጥር እሾህና የሚጠብቅ ትልቅ ሰው ነው። ከመጣችሁ መጥረቢያና ገመድ ይዛችሁ ኑ፤ እሾሁን የምንቆርጠው ከላይ በኩል ነው።